ዋን ባይ ቱ፦ ሃይደራባድ ለኖርንና ለምትሄዱ

የተከበራችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በዚህ ሳምንት የምትበሩ ልጆቻችን፣ ልትሸኟቸው የመጣችሁ ወላጆች፤ እንደምን ዋላችሁ።

አዘጋጆቹ "ስለ ትምህርቱ ምክር ስጥልን" ብለውኝ ነበር። ስለ ትምህርቱ ከእኔ በፊት የነበሩት በደንብ ተናግረዋል። ስለ ቪዛው ሰምታችኋል። ስለ ምዝገባው ሰምታችኋል። እኔ የመጣሁት ስለ እሁድ ላወራችሁ ነው።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ህንድ አገር ሃይደራባድ ከተማ ሦስትና አራት ዓመት ኖረን የተመለስን ብዙ ነን። እስቲ እናስታውስ። እሁድ እሁድ ምን እንሠራ ነበር? ልብስ እናጥባለን። ሽሮ እንሠራለን። ከቤት የተላከው በርበሬ እንዳያልቅ በማንኪያ እንለካለን። በር ዘግተን የአገር ቤት ወሬ እናወራለን። ሲመሽ ስለ ሙቀቱና ስለ አማካሪያችን እናማርራለን። ከዚያ ሰኞ ይሆናል። አራት ዓመት እንዲህ አለቀ።

አገራችን ስንገባ ደግሞ ሰው "ህንድ እንዴት ነው?" ይለናል። ያኔ አንደበታችን ይፈታል። ሙቀቱ! ቃሪያው! ግርግሩ! ቆሻሻው! ሰው ይስቃል። እኛም አብረን እንስቃለን። ይሄ ነገር ስንት ዓመት ውስጤን ሲያንገበግበኝ ኖሯል። ዛሬ ልተንፍሰው።

እኔ ኦስማኒያ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2011 ነው። የዘመኑ ሰዎች ታስታውሳላችሁ። ቴላንጋና ራሷን የቻለች ክልል ትሁን የሚለው ትግል የጦፈበት ጊዜ ነበር። የትግሉ እምብርት ደግሞ የእኛው ግቢ። በመስከረም አጠቃላይ አድማ ተጠራና 42 ቀን ቆየ። አውቶቡስ የለም። ትምህርት የለም። "ዛሬ ባንድ ነው" ሲባል ከተማው ተዘጋ ማለት መሆኑን እዚያ ነው የተማርነው። እኔ ገና ከመጣሁ ሁለት ወር አልሞላኝም። ቋንቋ አላውቅም። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ የቀን መቁጠሪያ አያለሁ። ጊዜዬ እየባከነ ነው እያልኩ እጨነቃለሁ።

አንድ እሁድ ጠዋት ክፍሉ አፈነኝ። በእግሬ ወጣሁ። በቪድያናጋር አድርጌ ዝም ብዬ ሄድኩ፣ ሄድኩ፣ ካቺጉዳ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ደረስኩ። ማዕዘን ላይ አንድ ኢራኒ ሻይ ቤት አለ። የብረት መዝጊያው እስከ ግማሽ ወርዷል። ከሥር ግን እግሮች ይታያሉ። ጎንበስ ብዬ ገባሁ።

ለምትሄዱት ልጆች ልንገራችሁ። ኢራኒ ሻይ ቤት ከፋርስ የመጡ ሰዎች ለከተማው ያወረሱት ቤት ነው። የእብነ በረድ ጠረጴዛ አለው። የእንጨት ወንበር አለው። ሻዩ ለብቻው ረጅም ሰዓት ይንተከተካል። ወተቱ ለብቻው እስኪወፍር ይፈላል። የሚገናኙት ሲኒው ውስጥ ነው። አብሮት ኦስማኒያ ብስኩት ይመጣል፤ ስኳርም ጨውም ያለው፣ አፍ ውስጥ የሚሟሟ። ብስኩቱም ዩኒቨርሲቲያችንም ስማቸው የመጣው ከመጨረሻው ኒዛም፣ ማለትም ከሃይደራባድ ገዥ፣ ከሚር ኦስማን አሊ ካን ነው።

ቦታ ስላልነበረ አንድ ሽማግሌ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። የባቡር መሥሪያ ቤት ጡረተኛ ናቸው፤ ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው። አዩኝ። ምንም አላሉም። ለአስተናጋጁ ልጅ ጣታቸውን አነሱና "ዋን ባይ ቱ" አሉት። ልጁ አንዱን ሻይ ለሁለት ሲኒ ከፍሎ መጣ። አንዱን ሲኒ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

እውነቱን ልናገር፣ ቅር አለኝ። በእኛ ቤት ለእንግዳ ግማሽ አይቀርብም። "ሻይ መግዣ ያጣሁ መሰልኳቸው?" አልኩ በልቤ። ኪሴን ዳበስኩና ሌላ ላዝ ስል እጃቸውን አወዛወዙ። "ናኮ፣ ናኮ፣ ቤታ" አሉኝ። ናኮ በሃይደራባድ ኡርዱ "ተው፣ አይሆንም" ነው። ቤታ "ልጄ" ነው። በቁርጥራጭ እንግሊዝኛ አስረዱኝ። ሙሉ ሻይ ወሬው ሳያልቅ ይቀዘቅዛል። ግማሽ ሻይ ትኩሱን ያልቃል። ከዚያ ሌላ ግማሽ ይታዘዛል። ወሬውም ይቀጥላል።

ሦስት ግማሽ ጠጣን። ከሁለት ሰዓት በላይ ተቀመጥን። ማንም "ሌላ ምን ልታዘዝ?" አላለንም። ማንም ጠረጴዛውን በጨርቅ ደጋግሞ እየወለወለ "ተነሱ" በሚል ዓይን አላየንም። ከጎናችን ጋሪ ገፊ ነበር። ከእሱ ጎን ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ጠበቃ ነበር። ሁለቱም ዋን ባይ ቱ ይዘዋል። ማንም በማንም አላፈረም።

ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። "ኢትዮጵያ" አልኳቸው። "ሀብሺ!" አሉ ጮክ ብለው። ደነገጥኩ። ይህችን ቃል መንገድ ላይ ጎረምሶች ከኋላዬ ሲወረውሯት ሰምቻለሁ። እሳቸው ግን ፊታቸው በርቷል። "አንተ የምትኖረው ሀብሲጉዳ አጠገብ አይደል?" አሉኝ። ስሙ ከሀበሻ የመጣ ነው ይላሉ የከተማው ሰዎች። ከዚያ ስለ ኒዛሙ አፍሪካዊ ፈረሰኛ ዘቦች ነገሩኝ። የእነዚያ ዘቦች ልጅ ልጆች እስከ ዛሬ ኤሲ ጋርድስ በሚባለው ሰፈር ይኖራሉ። ማርፋ የሚሉት ከበሮ በከተማው ሠርግ ላይ ሲመታ የእነሱ እጅ አለበት። እነሆ፣ ትናንት ስድብ ብቻ የመሰለኝ ቃል የሰፈር ስም ሆኖ አገኘሁት።

ወገኖቼ፣ እኔ የምናደድበት ነገር እዚህ ላይ ነው። ስንቶቻችን ሀብሲጉዳን በየቀኑ በአውቶቡስ አልፈናል! ስንቶቻችን "ይሄ ስም ምንድን ነው?" ብለን ጠየቅን? ለጥናታችን መቶ ሰው ቃለ መጠይቅ ያደረግን ሰዎች ነን። የሰፈራችንን ሻይ ሻጭ ግን አንድ ቃል ሳንጠይቅ ተመለስን!

"ገንዘብ አልነበረንም" ይባላል። ገንዘብ አልነበረንም አትበሉኝ! ግማሽ ሻይ ጥቂት ሩፒ ነው። "ጊዜ አልነበረንም" ይባላል። እሁድን ሙሉ ተኝተን ያሳለፍን ሰዎች ጊዜ አልነበረንም ማለት አንችልም። ያልነበረን ሌላ ነገር ነው። መዝናናትን እንደ ጥፋት ቆጠርነው። "ለጨዋታ አይደለም የላክንህ" የሚለው የቤተሰብ ድምፅ ባሕር ተሻግሮ ተከተለን። ወላጆች፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እባካችሁ ይህችን ቃል ዛሬ ለልጆቻችሁ አትስጧቸው።

የሚከፋኝን ጎን ሸፍኜ አላልፍም። ቤት ፍለጋ ስንዞር በር የተዘጋብን አለን። አንድ አከራይ በስልክ "እሺ ና" ብሎኝ ፊቴን ሲያይ ቤቱ ተይዟል ብሎኛል። ይህ የሆነው በእኔ ብቻ አይደለም። ያማል። እስከ ዛሬ ያመኛል። ግን አስቡት። በሩን የዘጋብኝ ሰው ያን ከተማ ሙሉ ለሙሉ እንዲወስድብኝ ለምን እፈቅድለታለሁ? ከዚያ በር ተመልሼ የሄድኩት ቻቻ ጋ ነው። አጎቴ ማለት ነው፤ ሽማግሌውን እንዲህ ነበር የምጠራቸው። ሰምተውኝ ዝም አሉ። ከዚያ ጣታቸውን አነሱ። በሚቀጥለው ሳምንት ታርናካ አካባቢ ቤት ያገኙልኝ እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ወዲያ እሁዴ ሞላ። አቢድስ እሁድ ሱቆቹ ይዘጋሉ። በተዘጋው ሱቅ ደጃፍ ላይ አሮጌ መጽሐፍ ይዘረጋል። ግማሹ የመጽሐፍ መደርደሪያዬ ከዚያ የመጣ ነው። በሳላር ጁንግ ሙዚየም አንድ ትልቅ ሰዓት አለ። ሰዓቱ ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው አንዲት ትንሽ የሰው ምስል ከውስጥ ትወጣና ደወሉን ትመታለች። ይህን ለማየት ገበሬ ከነቤተሰቡ፣ ተማሪ፣ አያት ከነልጅ ልጇ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ቻቻ የወሰዱኝ ቀን 6 ሰዓት ቀትር ላይ ነበር። ደወሉ 12 ጊዜ ተመታ። ሰዉ በየቋንቋው አብሮ ቆጠረ። እኔም በአማርኛ ቆጠርኩ።

ማታ ደግሞ ታንክ ባንድ፤ የሐይቅ ግድብ ነው። ሁሴን ሳጋር ሐይቅ ከተሠራ 450 ዓመት አልፎታል። መሐሉ ላይ ከአንድ ድንጋይ የተጠረበው ቡድሃ ቆሟል። በ1990 በጀልባ ሲወስዱት ሰጥሞ፣ በ1992 አውጥተው ያቆሙት ነው። ውኃው አንዳንድ ቀን ይሸታል፤ እሱን አልክድም። ቤተሰቡ ግን ይመጣል። የበቆሎ ጥብስ በከሰል ይጠበሳል። በሎሚ ያሹታል፣ ጨውና በርበሬ ይነሰንሱበታል። እናት ትነክሳለች፣ ለልጅ ታቀብላለች። የሚከፈል መግቢያ የለም። ግንቡ ላይ መቀመጥ ነው።

ጥር ላይ ኑማይሽ አለ፤ ከ1938 ጀምሮ ያለ ባዛር ነው። ለአንድ ወር ተኩል ያህል ይቆያል። አንድ ቀን ሂዱ። ሲኒማም ግቡ፤ የቴሉጉ ፊልም ሲጀመር አዳራሹ የሚያሰማው ጩኸት ሌላ ነው። የክሪኬት ሕጉ ከከበዳችሁ ግቢ ውስጥ ለሚጫወቱት ልጆች ኳስ አቀብሉ፤ ያስተምሯችኋል። ባጃጅ ስትፈልጉ ደግሞ "ኦቶ" በሉ። ባጃጅ እኛ ጋ ነው የዕቃው ስም፤ እነሱ ጋ የፋብሪካው ነው።

በ2018 ለአንድ ጉባኤ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ባቡሩ ከላይ በድልድይ ይሄዳል፤ ሜትሮው ከተከፈተ ዓመት አልሞላውም። ካቺጉዳ ሄድኩ። ሻይ ቤቱ የለም። የሞባይል መሸጫ ሆኗል። ቻቻን የሚያውቅ ሰው ፈለግኩ፤ አጣሁ። ስልክ ተቀያይረን አናውቅም። ሁልጊዜ እዚያው ስለማገኛቸው አላስፈለገም ነበር።

የመመረቂያ ጽሑፌ የምስጋና ገጽ ላይ 11 ሰው አለ። አማካሪዬ አሉ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች አሉ። ቻቻ የሉም። ስጽፈው "ከጥናቱ ጋር ምን ያገናኘዋል?" ብዬ ተውኩት። በእነዚያ አራት ዓመታት በሕይወት ያቆየኝን ሰው ነው የተውኩት። ስለዚህ በእናንተ ፊት፣ ዘግይቼም ቢሆን፦ ቻቻ፣ አመሰግናለሁ።

የምትበሩ ልጆች፣ በርበሬውን ያዙ። ሽሮውንም ያዙ። የመጀመሪያው እሁድ ሲደርስ ግን ልብሱ ይቆያችሁ። ኢራኒ ሻይ ቤቶች እየቀነሱ ነው፤ ቢሆንም አልጠፉም። ግቡና ብቻውን የተቀመጠ ሰው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ በሉ። ልጁ ሲመጣ ጣታችሁን አንሱና "ዋን ባይ ቱ" በሉት።

አመሰግናለሁ።