የታኅሣሥ ዱባ፦ ቶንጋ ለጃፓን የሸጠችው ጊዜ

[ምስል፦ የጃፓን ገበያ መደርደሪያ። በላስቲክ የተሸፈነ ሩብ ዱባ፤ ቅርፊቱ ጥቁር አረንጓዴ፣ ውስጡ ብርቱካናማ።]

ቀኑ ታኅሣሥ 12 ገደማ ነው። በአዲስ አበባ የነቢያት ጾም ከተያዘ አንድ ወር ሊሞላው ትንሽ ቀርቶታል። በብዙ ቤት ሽንኩርቱ ተቁላልቶ፣ በርበሬው ገብቶ፣ የተከተፈው ዱባ ወደ ድስት እየገባ ነው። በዚያው ዕለት በቶኪዮም ዱባ ይከተፋል። ጃፓኖች ቀኑን ቶጂ ይሉታል፤ የዓመቱ ረጅሙ ሌሊት ያለበት ቀን ነው። በዚህ ዕለት ዱባ የበላ ሰው ክረምቱን ከጉንፋን ተጠብቆ ያሳልፋል የሚል የቆየ ልማድ አላቸው። ዱባውን በሶያ ሶስና በስኳር ቀቅለው ይበሉታል።

ዱባቸው ካቦቻ ይባላል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የፖርቱጋል መርከበኞች ወደ ጃፓን ሲያመጡት ከካምቦዲያ የመጣ ነው ስለተባለ የሀገሪቱ ስም በላዩ ላይ ቀረ።

ነገር ግን ታኅሣሥ በጃፓን በረዶ የሚወርድበት ወር ነው። በበረዶ ወቅት ዱባ አያድግም። ታዲያ በዚያ ሳምንት በሚሊዮን የሚቆጠር ቤተሰብ የሚበላው ዱባ ከየት ይመጣል?

[ምስል፦ የዓመቱ 12 ወራት በክብ ሰሌዳ። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ያለው ክፍል አረንጓዴ ይሆናል።]

የጃፓን ትልቁ የዱባ ማሳ በሰሜን ጫፍ፣ በሆካይዶ ደሴት ነው። እዚያ ምርቱ ከነሐሴ ጀምሮ ይሰበሰብና ጥቅምት ላይ ያበቃል። ዱባ ጎተራ ውስጥ የተወሰነ ጊዜ ይቆያል፤ ግን እየቆየ ይበሰብሳል፣ ቁጥሩም ይመናመናል። ከምድር ወገብ በታች ያለችው ኒውዚላንድ ደግሞ ወቅቷ የጃፓን ተቃራኒ ስለሆነ ጥር ላይ መሰብሰብ ትጀምራለች፤ ዱባዋ ጃፓን የሚደርሰው ከጥር መጨረሻ በኋላ ነው። በሁለቱ መካከል፣ ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ፣ ክፍተት አለ። ቶጂ የሚውለው ደግሞ በዚሁ ክፍተት መካከል ነው።

የዱባን ዓለም አቀፍ ንግድ ለመረዳት ለእኔ ከዚህ ክፍተት የተሻለ መግቢያ የለም። ቶንጋ የምትባል ትንሽ ሀገር ኑሮዋን በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ላይ አቁማ ነበርና።

[ምስል፦ የጉምሩክ ሰነድ፤ በላዩ ላይ 0709.93 የሚል ቁጥር።]

ወደ ቶንጋ ከመሄዳችን በፊት አንድ ጥንቃቄ። የዱባን ንግድ በቁጥር ሠንጠረዥ ብቻ የሚከታተል ሰው ይሳሳታል። ዱባ በዓለም አቀፉ የጉምሩክ ምደባ የራሱን ቁጥር ያገኘው በ2012 ነው፤ ከዚያ በፊት ስማቸው ካልተጠቀሰ ሌሎች አትክልቶች ጋር ተደባልቆ ይቆጠር ነበር። (በዚህ ትረካ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አዲሱም ቁጥር ቢሆን ትልቁን ዱባ፣ ለጋውን ዝኩኒና ለጌጥ የሚሸጠውን ሁሉ በአንድ ከረጢት ይከትታል። ስለዚህ ከላኪዎች ቀዳሚዎቹ ሜክሲኮና ስፔን ናቸው ሲባል ስትሰሙ፣ አብዛኛው ዝኩኒ መሆኑን አስታውሱ። የስፔኑ በአልሜሪያ የላስቲክ ቤቶች ውስጥ አድጎ በጭነት መኪና ወደ ጀርመንና ፈረንሳይ ይሄዳል። የሜክሲኮው ከሶኖራና ከሲናሎአ ተነሥቶ በኖጋሌስ ድንበር በኩል ወደ አሜሪካ ይገባል። ይህ የጎረቤታሞች ንግድ ነው፤ ጠዋት ተጭኖ ከቀናት በኋላ ይበላል። የካቦቻ ንግድ ግን ውቅያኖስ ያቋርጣል።

«ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» እንላለን። አበው ይህን ሲሉ ሐረጉን ተመልክተው ነው፤ የሁለቱ ተክሎች የዘር ታሪክም ግን የምሳሌውን እውነት ያጠናክራል። ቅል የአፍሪካ ልጅ ነው። ዱባ የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ነው፤ በሜክሲኮ ኦአሃካ፣ ጊላ ናኪትስ በተባለ ዋሻ ውስጥ የተገኙ የዱባ ፍሬዎች ዕድሜያቸው ወደ 10 ሺህ ዓመት ይጠጋል። ከ1492 በኋላ ዱባ በመርከብ ዓለምን ዞረ። እኛ እንደ ጥንት ዘመዳችን የምንቆጥረው የዱባ ወጥ ራሱ የረጅም የባሕር ጉዞ ውጤት ነው።

[ምስል፦ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ከላይ። ካሜራው ወደ ጥቂት ነጠብጣብ ደሴቶች ይወርዳል።]

ቶንጋ። 170 ገደማ ደሴቶች፣ 100 ሺህ ገደማ ሕዝብ። ከአንድ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ ነዋሪ ያነሰ ቁጥር ያለው ንጉሣዊ መንግሥት ነው። ትልቁ ደሴት ቶንጋታፑ ይባላል፤ ከታች የኮራል ድንጋይ፣ ከላይ የእሳተ ገሞራ አመድ የፈጠረው ለም አፈር። ሰዎቹ ለዘመናት ቦዬ፣ ጎደሬና ካሳቫ እያፈራረቁ ሲዘሩ፣ መሬቱን ደግሞ ለዓመታት ጦም እያሳደሩ ኖረዋል።

የመሬት ሥሪቱ ከታሪኩ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የ1875ቱ ሕገ መንግሥት መሬት እንዳይሸጥ ከልክሏል። በሕጉ 16 ዓመት የሞላው ወንድ 8 ከሩብ ኤከር፣ ማለትም 3.3 ሄክታር ገደማ የእርሻ ይዞታ የመጠየቅ መብት አለው። ሕዝቡ ሲበዛ መሬቱ ለሁሉም አልበቃም፤ ቢሆንም እርሻው በብዙ ትንንሽ ገበሬዎች እጅ ቀረ። የውጭ ኩባንያ መጥቶ ደሴቲቱን ገዝቶ ትልቅ እርሻ ሊያደርጋት አልቻለም። ዱባ ሲመጣ ገንዘቡ በቀጥታ ወደ መንደር የገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዱባ በፊት ቶንጋ ኮፕራ፣ ማለትም የደረቀ ኮኮናት፣ ሸጣለች፤ ዋጋው ወደቀ። ሙዝ ለኒውዚላንድ ሸጣለች፤ እሱም ከሰመ።

ከዚያ በ1985 በሩቅ ኒውዮርክ፣ ፕላዛ በተባለ ሆቴል፣ የአምስት ሀብታም ሀገራት የገንዘብ ሚኒስትሮች ተሰብስበው የዶላርን ዋጋ ለማውረድ ተስማሙ። 240 የጃፓን የን ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በ1988 ወደ 130 የን አካባቢ ወረደ። የጃፓን ገንዘብ ጡንቻ አወጣ፤ ከውጭ የሚመጣ ምግብ ሁሉ ለጃፓን ነጋዴ ረከሰለት። በስብሰባው ላይ ስለ ዱባ የተነሣ ሐሳብ አልነበረም። ሆኖም ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1987፣ ከቶንጋ የተነሣ ዱባ ወደ ጃፓን ተጫነ።

[ምስል፦ አረንጓዴ ሐረግ የሸፈነው ማሳ። ሰዎች ጎንበስ ብለው ዱባ ይቆርጣሉ።]

ስሌቱ ቀላል ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከተዘራ፣ በሦስት ወር ገደማ ይደርሳል። በጥቅምትና በኅዳር ተቆርጦ በመርከብ ሲጓዝ ክፍተቱ ላይ ይደርሳል። ዘሩን ግን ገበሬው ከቤቱ አያወጣም። ጃፓኖች የሚፈልጉት ክብደቱ፣ ቀለሙና ጣዕሙ አንድ ዓይነት የሆነ ዱባ ስለሆነ፣ ዘሩ የጃፓን ዘር አዳቃዮች የሚያወጡት ዲቃላ ነው፤ ከምርቱ ላይ ዘር አስቀርቶ በሚቀጥለው ዓመት ቢዘሩት ያው ዱባ አይወጣም። ስለዚህ በየዓመቱ ዘር ወደ ደቡብ ይወርዳል፣ ፍሬው ወደ ሰሜን ይወጣል።

እዚህ ላይ በጣም የሚደንቀኝን ነገር ልንገራችሁ። ብዙ አትክልት በጉዞ ይጎዳል፤ ካቦቻ ግን በጉዞ ይጣፍጣል። ከሐረጉ እንደተቆረጠ ውስጡ ስታርች የበዛበት ነው። ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚሆን ደረቅ አየር ውስጥ ሳምንታት ሲቆይ ስታርቹ ቀስ በቀስ ወደ ስኳር ይለወጣል። መርከቧ ተንሳፋፊ ጎተራ ናት ማለት ይቻላል። ቅዝቃዜው ከ10 ዲግሪ በታች ከወረደ ግን ዱባው ውስጥ ውስጡን ይጎዳና ወደብ ሲደርስ መበስበስ ይጀምራል። የኮንቴይነሩን ማቀዝቀዣ ያለ ልክ ያበረታ ሰው የአንድ መንደርን የዓመት ድካም ሊያበላሽ ይችላል።

ሌላው በር ጠባቂ ዝንብ ነው። የሐብሐብ ዝንብ የተባለችው ተባይ በዱባና በዘመዶቹ ፍሬ ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ጃፓን ይህች ዝንብ ካለችበት ቦታ ትኩስ ዱባ አታስገባም። ሕጉ ለራሷም ግዛት አልራራም። በደቡብ ያለችው ኦኪናዋ ዝንቧ ስለነበረባት ዱባና ሐብሐብ ወደ ዋናዎቹ ደሴቶች እንዳትልክ ተከልክላ ነበር። ጃፓን በ1972 ዘመቻ ጀመረች፤ በገፍ የተፈለፈሉ ወንድ ዝንቦች በጨረር እየመከኑ ተለቀቁ፣ ሴቶቹ ከእነርሱ ጋር ሲገናኙ ዘር ጠፋ። በ1993 ኦኪናዋ ነፃ ተባለች። ሃያ ዓመት ከአንዲት ዝንብ ጋር! ይህች ዝንብ ቶንጋ አልደረሰችም ነበር፤ ከአፈሩና ከወቅቱ ጋር ይህ ሦስተኛው ዕድሏ ሆነ።

[ምስል፦ የቶንጋ ዋና ከተማ የኑኩዓሎፋ ወደብ። ሣጥኖች፣ ዕቃ አንሺ መኪና (ፎርክሊፍት)፣ የተሰለፉ ጭነት መኪናዎች።]

ከዚያ የሆነው ፈጣን ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ጭነቱ ከአሥር ሺህ ቶን በላይ ዘለለ። በአንዳንድ ዓመታት ከቶንጋ የወጪ ንግድ ገቢ ግማሽ ያህሉ ከዱባ ነበር። ትራክተር ያልነበረበት ቀዬ ትራክተር ገባ። ቤት ታነጸ፣ መኪና ተገዛ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ተከፈለ፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው መዋጮ ከፍ አለ። መሬት የሌለው ከዘመዱ ተከራየ። ባንክ ለዘርና ለማዳበሪያ አበደረ፤ ብድሩም ዱባ ሲሸጥ የሚመለስ ነበር።

ያን ጊዜ የዘራውን ገበሬ አልወቅሰውም። በጥቂት ወራት ውስጥ የዚያን ያህል ገንዘብ የሚሰጥ ሌላ ሰብል ማን አሳይቶታል?

ችግሩ ክፍተቱ ጠባብ መሆኑ ነው። ጃፓን በኅዳርና በታኅሣሥ የምትበላው ዱባ ልክ አለው፤ ቀኑ ሲያልፍ ፍላጎቱም ያልፋል። ሁሉም ገበሬ በአንድ ሰሞን ሲዘራ፣ ሁሉም ላኪ በአንድ ሰሞን ሲጭን፣ ዱባው ጃፓን ወደብ ላይ ተከመረ፣ ዋጋውም ተንኮታኮተ። መንግሥት ኮታ አወጣ፣ ላኪዎችን በፈቃድ ገደበ። ኮታው ሲጠብቅ ዋጋው ያገግማል፤ ዋጋው ሲያገግም አዲስ ላኪ ይመጣል፤ ኮታው ይላላል፤ ዋጋው እንደገና ይወድቃል። የዘገየ ጭነት ደግሞ ከኒውዚላንድ የመጀመሪያ መርከብ ጋር ይጋጫል። ሁለት ሳምንት መዘግየት ማለት በኒውዚላንድ ካሉት ከሆክስ ቤይና ከጊዝቦርን ሰፋፊ ማሳዎች ከሚመጣ ዱባ ጋር መወዳደር ነው።

አደጋው በማን ጫንቃ ላይ እንደወደቀ ተመልከቱ። የጃፓኑ አስመጪ ከቶንጋ ካላገኘ ከሌላ ይገዛል። ላኪው ኮሚሽኑን ያስባል። ፀሐይ ያቃጠለው፣ ቅርፊቱ የተቧጨረ፣ ክብደቱ ያነሰ ዱባ በምርጫ ጊዜ ሲጣል ኪሳራው የገበሬው ነው። የተጣለውን ዱባ አሳማዎች በሉት። ብድሩ ግን ቆሞ ይጠብቃል።

አፈሩም የራሱን ሂሳብ አቀረበ። መሬት ጦም የሚያድርበት ዘመን አጠረ፤ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ በዛ። የቶንጋታፑ ሰዎች የሚጠጡት ንጹሕ ውኃ በኮራሉ ድንጋይ ውስጥ፣ ከባሕሩ ጨዋማ ውኃ በላይ እንደ ስስ ሽፋን ተንሳፍፎ የሚገኝ ነው። ከላይ የፈሰሰ ኬሚካል ወደዚያ ለመድረስ የሚያግደው ብዙ ነገር የለም። ተመራማሪዎች ስጋታቸውን ደጋግመው ጽፈዋል፤ እኔም ስለ ዱባ ንግድ ትርፍ ሲነገር ይህ ስስ ውኃ አብሮ ሳይነሣ ሲቀር ቅር ይለኛል።

[ምስል፦ ክቡ ሰሌዳ እንደገና። ባዶ የነበረው የኅዳርና የታኅሣሥ ክፍል ከሁለት ወገን እየጠበበ ይሄዳል።]

በመጨረሻ ክፍተቱን ሌሎች ሞሉት። ሆካይዶ የተሻለ ማከማቻ ሠርታ ዱባዋን እስከ ታኅሣሥ ማቆየት ተማረች። ሜክሲኮ ከሶኖራ በረሃ ዳር ካቦቻ እያመረተች ወደ ጃፓን መላክ ጀመረች፤ ዛሬ ከኒውዚላንድ ጋር የጃፓንን የዱባ ገበያ የምትመግበው እርሷ ናት። ከሰፊ ማሳና ከተደራጀ የመርከብ መስመር ጋር የቶንጋ ትንንሽ ይዞታዎች በዋጋ መወዳደር አልቻሉም። ጭነቱ ከአንድ ጊዜው ከፍታ በጣም ትንሽ ወደሆነ ክፍል ወረደ።

የእኛም ጽጌረዳ አምራቾች ይህን ዓይነት ኑሮ ያውቁታል፤ አውሮፓ በየካቲት የመጀመሪያ ሳምንት የፍቅረኛሞችን ቀን ስታከብር የሚፈለገው አበባ፣ ቀኑ በነጋታው ሲያልፍ ያ ዋጋ የለውም።

በ2007 ኒውዚላንድ ለፓሲፊክ ደሴቶች ሰዎች የወቅት ሠራተኞች ፈቃድ ከፈተች። የቶንጋ ወጣቶች እስከ ሰባት ወር ድረስ ሄደው በፍራፍሬና በወይን እርሻዎች ላይ ይሠሩና ይመለሳሉ። ቀድሞ ለታኅሣሥ ዱባ ይልክ የነበረ መንደር አሁን ልጆቹን ይልካል፤ ገንዘቡም በባንክ በኩል ይመጣል።

[ምስል፦ የመጀመሪያው መደርደሪያ። ካሜራው ሩብ ዱባው ላይ ወደተለጠፈው ትንሽ ወረቀት ይጠጋል።]

በጃፓን ሕግ ትኩስ አትክልት ከየት እንደመጣ በሽያጭ ቦታው ላይ መጻፍ አለበት። በቶጂ ሰሞን ወደ ገበያው የሚገባ ሰው አንዱ ዱባ ላይ «ሆካይዶ»፣ ሌላው ላይ «ሜክሲኮ» የሚለውን ያነብባል።