ድምሩ ከዜሮ በታች ሲወርድ፦ ስለ ሙሉ ቁጥሮች የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከባሕር ዳር፦ ለአንድ የቁጠባ ማኅበር ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ፕሮግራም እየጻፍኩ ነው። ገንዘቡን ወደ ሳንቲም ለውጬ በኢንት (int፣ ሙሉ ቁጥር የሚይዝ ዓይነት) አስቀምጣለሁ። ድምሩ 21 ሚሊዮን ብር አልፎ ትንሽ እንደሄደ ከዜሮ በታች ሆኖ ወጣ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ በሳንቲም ማስቀመጥዎ ትክክል ነው፤ እሱን እንዳይነኩት። ነጥብ ያላቸውን ቁጥሮች የሚይዘው ደብል (double) 0.1ን እንኳ በትክክል አይዝም፤ 0.1 እና 0.2 ሲደመሩበት 0.30000000000000004 ይላል። የሰው ገንዘብ በዚህ አይያዝም።

ችግሩ ያለው ኢንት ላይ ነው። ስፋቱ 32 ቢት (እያንዳንዱ 0 ወይም 1 የሚይዝ ቦታ) ስለሆነ ከ2,147,483,647 በላይ አይችልም። ይህ በሳንቲም ሲታሰብ 21,474,836 ብር ከ47 ሳንቲም ነው። አንድ ሳንቲም ሲጨመርበት ምልክቱን የሚይዘው ቢት ከ0 ወደ 1 ይለወጥና ውጤቱ -2,147,483,648 ይሆናል። ከሁሉ የሚከፋው ጃቫ ይህን ሲያደርግ ትንፍሽ አለማለቱ ነው። ፕሮግራሙ ሥራውን ይቀጥላል፤ የአባላቱ ሒሳብ ግን ተበላሽቷል።

ስለዚህ ሰፋ ወዳለው የሙሉ ቁጥር ዓይነት፣ ወደ ሎንግ (long) ይዙሩ። 64 ቢት ነው፤ ከ9 ቢሊዮን ቢሊዮን በላይ ይይዛል። ነገር ግን ብዙዎች የሚሳሳቱበት ቦታ አለ፦ ሁለት የኢንት ቁጥሮችን አባዝተው ውጤቱን በሎንግ ቢቀበሉ አይድኑም፤ ብዜቱ የሚሠራው ገና በኢንት ሳለ ነውና። ከማባዛትዎ በፊት አንዱን ሎንግ ያድርጉት። ቁጥሩ የሚቀመጥበትን የመረጃ ቋት (ዳታቤዝ) ዓምድም አብረው ያስፉ። ለገንዘብ ድምር ደግሞ በመደመሪያ ምልክት ፈንታ አድኤግዛክት (Math.addExact) የሚባለውን ትእዛዝ እመርጣለሁ፤ ቁጥሩ ከልክ ሲያልፍ ዝም ከማለት ስህተቱን ያሳውቃል።

ነገሩን ቀላል አድርጋችሁ እንዳታዩት። አሪያን 5 ሮኬት እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1996 ከተነሣ ከ40 ሰከንድ ገደማ በኋላ የወደመው አንድ የፍጥነት ልኬት ወደ 16 ቢት ሙሉ ቁጥር ሲለወጥ አልገባ ስላለ ነው።

ከአዳማ፣ ተማሪ፦ የሁለት ፈተና ድምር 7 ነው፤ አማካዩን ሳወጣ 3 ይለኛል። ግማሿ የት ሄደች?

መልስ፦ ጃቫ ሙሉ ቁጥርን ለሙሉ ቁጥር ሲያካፍል ትርፉን ይጥለዋል። ከማካፈልህ በፊት 7ን ወደ ደብል ቀይረው፤ ካካፈልክ በኋላ ብትቀይረው 3.0 ብቻ ታገኛለህ።

ከሐዋሳ፦ የደንበኞችን ስልክ በኢንት ሳስቀምጥ ከፊት ያለው 0 ይጠፋል።

መልስ፦ ስልክ ቁጥር አይደመርም፣ አይካፈልም፤ በስትሪንግ (String)፣ ማለትም እንደ ጽሑፍ ይቀመጥ። 251 ሲጨመርበት ደግሞ 12 አሃዝ ስለሚሆን ኢንት ውስጥ ጭራሽ አይገባም። እስካሁን የገቡትን የሞባይል ቁጥሮች ማዳን ይቻላል፦ 9 አሃዝ የቀሩትን ለይተው ከፊታቸው 0 ይመልሱ። ይህን ከመጀመርዎ በፊት ግን የመረጃ ቋቱን ቅጂ ያስቀምጡ።