የማን ልጅ ነው?

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤

ሊቀመንበራችን «አገር ቤት ልትገባ ነው፣ ከመሄድህ በፊት ስለ ሥራህ አንድ ነገር በለን» ሲለኝ ጽፌ መጣሁ። በቃል ካወራሁ እራት እንደሚቀዘቅዝ ታውቃላችሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ዱባይ ላይ ጋጣ ስጠርግ፣ ፈረስ ሳጥብ፣ ባዝራ ሳዋልድ ኖሬያለሁ። ዛሬ የማወራው ግን በእጄ ስላልነካሁት ፈረስ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የፈረስ መዝገብ የሚጻፈው በዚያ ነው።

ዱባይ ሚሌኒየም በ1996 እንግሊዝ ተወለደ። መጀመሪያ ስሙ ያዜር ነበር። የዛሬው የዱባይ ገዢ ሼክ መሐመድ የ2000ን የዱባይ ዓለም ዋንጫ የፈረስ ውድድር ይህ ፈረስ ይበላል ብለው ስሙን ለወጡት። እኛ ዘንድ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። እዚህ ደግሞ ፈረሱ በከተማው ስም ተጠራ። አላሳፈራቸውም። መጋቢት 2000 ዱባይ ናድ አል ሸባ መወዳደሪያ ሜዳ ላይ ጋላቢውን ፍራንኪ ዴቶሪን ጭኖ ከፊት ወጣ፤ ሁለተኛውን በስድስት ፈረስ ርዝመት ጥሎት ገባ። በዕድሜው አሥር ጊዜ ሮጦ ዘጠኙን አሸነፈ። የተሸነፈው በ1999 ኤፕሰም ደርቢ በሚባለው የእንግሊዝ ውድድር ላይ ብቻ ነው።

በዚያው በ2000 ነሐሴ ልምምድ ላይ እግሩ ተሰበረ። ቀዶ ሕክምና አዳነውና ኒውማርኬት ለእርባታ ቆመ። አንድ ወቅት ብቻ። ሚያዝያ 2001 የሣር በሽታ የሚሉት፣ አንጀትን የሚያሽመደምድ ደዌ ገደለው። አምስት ዓመቱ ነበር። የተረፉት 56 ውርንጭላዎች ናቸው።

ከነዚያ አንዱ ዱባዊ ነው። በ2002 ተወለደ፤ አባቱን አላየውም። በ2005 የአየርላንድን «ሁለት ሺህ ጊኒ» የሚባል ውድድር አሸነፈ። ከዚያ ወደ እርባታ ገባ። አንዲት ባዝራ ከሱ እንድታረግዝ መጀመሪያ 25,000 ፓውንድ ይከፈል ነበር፤ ኋላ 350,000 ደረሰ። በ2022 ልጆቹ ባገኙት የሽልማት ገንዘብ የብሪታንያና የአየርላንድ ቀዳሚ አባት ፈረስ ተባለ።

አሁን ልጠይቃችሁ። ዱባዊ የማን ልጅ ነው? «የዱባይ ሚሌኒየም!» ትላላችሁ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። እናቱስ?

ዞማራዳ ትባላለች። በ1998 የጣሊያንን ኦክስ የሚባል ውድድር ያሸነፈች ሯጭ ናት። አባትየው ከሞተ በኋላ ወራት ሙሉ በሆዷ ይዛ የቆየችው እሷ ናት። የዱባይ ሚሌኒየም አያትስ? ፎል አስፐን፤ በ1994 አሜሪካ የዓመቱ ምርጥ እናት ባዝራ ያለቻት። ይህን ሁሉ ትተን «የአባቱ ደም ነው» እንላለን። ድንጉላው በአንድ ወቅት ከመቶ በላይ ባዝራ ያስረግዛል። እሷ አሥራ አንድ ወር ተሸክማ አንድ ትወልዳለች። ታዲያ ደሙ የማን ነው?

የምናደድበት ምክንያት አለኝ። አንድ ሌሊት አንዲት አሮጊት ባዝራ እጠብቃለሁ። ጡቷ ጫፍ ላይ ቢጫ ነገር እንደ ሻማ ሰም ቋጥሯል። «ዛሬ ናት» አልኩ። እኩለ ሌሊት ላይ አላባት፣ ተኛች፣ ተነሳች። አንድ የፊት እግር መጣ፤ ሌላው የለም። ጉልበቱ ውስጥ ታጥፏል። ሐኪሙ ገና መንገድ ላይ ነው። እጄን እስከ ክንዴ ታጥቤ አስገባሁ። ምጥ ሲመጣ ክንዴን ትጨምቀዋለች፣ ሲለቃት እገፋለሁ። ሰኮናውን እንዳይቀዳት በመዳፌ ሸፍኜ አቃናሁት። ወጣ። ከአንድ ሰዓት በኋላ እየተንገዳገደ ቆመ። እሷ እየላሰችው ዝቅ ባለ ድምፅ ታናግረዋለች። ያንን ድምፅ የሰማ ሰው አይረሳውም።

ጠዋት እንግዶች መጡ። «የማን ልጅ ነው?» አሉ። አለቃዬ የአባቱን ስም ጠራ። ፎቶ አነሱ። እሷ እንግዴ ልጇን ጥላ ላቧ ሳይደርቅ ቆማለች፤ ዞር ብሎ ያያት የለም። ከዚያ ሁለት ዓመት ሳታረግዝ ቀረች። አንድ ቀን ጋጣዋ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። «የት ሄደች?» ስል «ተሸጠች፣ አንተ ምን አገባህ» ተባልኩ።

ያገባኛል! እጄ ሆዷ ውስጥ ነበር!

የሚገርመው፣ ሙያው ራሱ እውነቱን ያውቃል። በአባት ብቻ የሚገናኙ ፈረሶች ወንድማማች አይባሉም፤ ወንድም የሚባለው የእናት ልጅ ነው። የአረብ ዘላኖችም የፈረስ ዘር የሚቆጥሩት በባዝራዋ ነበር። እኛም «የእናቴ ልጅ» ስንል ድምፃችን ይለወጣል። ፓስፖርታችን ላይ ግን ያው አባትና አያት ነው።

ስለ ጋላቢዎችና ስለ ሽልማቱ ገንዘብም ጽፌ ነበር። ይቅር። ዶሮው እየሸተተኝ ነው።

አንድ ነገር ብቻ። ነገ ሜይዳን የፈረስ መወዳደሪያ ገብታችሁ ውድድር ስታዩ፣ ከጎናችሁ ያለው «ይሄ የዱባዊ ልጅ ነው» ይላችኋል። «እናቱስ?» በሉት። ካላወቀ ፕሮግራሙ ላይ ከአባቱ ስም ቀጥሎ ተጽፏል፤ አሳዩት። በሉ፣ እጅ እንታጠብ።