ያልተገራ ወጣት ፈረስ ስትገዙ ምን ታያላችሁ?

[ምስል፦ አፈሳር የታሰረለት ወጣት ፈረስ፣ ከጎን]

ተራኪ፦ የተገራ ፈረስ ኮርቻ ተጭኖ ይሞከራል። ያልተገራው ላይ ግን መውጣት ስለማይቻል ያላችሁ ዓይናችሁና እጃችሁ ብቻ ነው። ጋማውንና ቀለሙን ለጊዜው ተዉትና ሻጩን ጠይቁት፤ «ያልተገራ» ሲል ምን ማለቱ ነው? ሰው አልተቀመጠበትም እንጂ አፈሳር የለመደ፣ እግርህን አንሣ ሲባል የሚሰጥ፣ ታስሮ የሚቆም ፈረስ አለ። የሰው እጅ ጨርሶ ያልነካውም አለ። ሁለቱም በአንድ ስም ይሸጣሉ፤ በመካከላቸው ግን የወራት ሥራ አለ።

[ምስል፦ ከንፈር ተገልጦ የፊት ጥርሶች በቅርበት]

ዕድሜውን ከሻጩ ሳይሆን ከአፉ ስሙ። ፊት ለፊቱ ሳይሆን ከጎኑ ቆማችሁ ከንፈሩን ገለጥ አድርጉ። ከላይ 6፣ ከታች 6 የፊት ጥርሶች ታያላችሁ። የወተት ጥርስ ትንሽና ነጭ ነው፤ ድዱ ዘንድ ሲደርስ ይቀጥናል። ቋሚው ሰፋ ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው። መካከለኞቹ ሁለቱ በ2 ዓመት ተኩል ገደማ፣ ቀጥለው ያሉት በ3 ተኩል፣ የዳሮቹ በ4 ተኩል ይለወጣሉ። ጥቂት ወራት ወዲህ ወዲያ ይላል። ቢሆንም «ሦስት ዓመት አልፎታል» የተባለው ፈረስ አፉ ሙሉ የወተት ጥርስ ከሆነ ሒሳቡ አይገጥምም።

ይህን ያህል የምንጨነቀው ለምን መሰላችሁ? ከፊት ጉልበቱ በላይ ያለው የአጥንት ማደጊያ (አጥንቱ የሚረዝምበት ለስላሳ ክፍል) ጠንክሮ የሚዘጋው ከ2 እስከ 2 ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ነው፤ የጀርባ አጥንቱ ደግሞ 5 ዓመት ገደማና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። በዕድሜው የተታለለ ገዢ ያልጠና ጀርባ ላይ ይወጣል።

አፉን ሳትለቁ የላይኞቹ ጥርሶች ከታችኞቹ ጋር መግጠማቸውን እዩ። የላይኞቹ አልፈው ከወጡ ሣር መንጨት ይቸግረዋል። ድዱን በአውራ ጣት ተጫኑና ልቀቁ፤ ቀለሙ በ2 ሰከንድ ውስጥ መመለስ አለበት።

[ምስል፦ ፈረሱ ጠንካራ ሜዳ ላይ፣ ከፊት ለፊት]

አሁን ወደ እግሩ። ከጊዜያችሁ ግማሹን እዚህ ብታጠፉ አይቆጭም። ከትከሻው ጫፍ ክር ተንጠልጥሏል ብላችሁ አስቡ፤ ክሩ የጉልበቱንና የኮቴውን መሐል ቢያልፍ ጥሩ ነው። ኮቴው ወደ ውጭ የዞረ ፈረስ ሲሮጥ አንዱን እግር በሌላው ሊመታ ይችላል። ትንሽ መዞር ያስታግሣል። ከጎን ሲታይ ጉልበቱ ወደ ኋላ የተለመጠ ግን እኛ አንገዛም፤ ሲሮጥ ጫናው ሁሉ እዚያው ያርፋል። ዳሌው ከትከሻው ከፍ ብሎ ቢታይ አትደንግጡ፤ ወጣት ፈረስ ከኋላና ከፊት በተራ ነው የሚያድገው።

መነካት ከለመደ፣ ሁለቱን እግሮች አንድ በአንድ በመዳፋችሁ ዳብሱና አወዳድሩ። አንዱ ከሞቀ ወይም ካበጠ ምክንያት አለው። ቋንጃው ላይ የማያመው ለስላሳ እብጠት ካገኛችሁ «ሲያድግ ይጠፋል» የሚለውን አትቀበሉ። ውስጡ የ‍ልም አጥንት (የመገጣጠሚያው ለስላሳ ሽፋን) ችግር ሊኖር ስለሚችል ራጅ ይነሳ።

[ምስል፦ የተነሣ ኮቴ፣ ከሥር]

ሁለቱ የፊት ኮቴዎች እኩል ናቸው? አንዱ ጠበብና ቀጥ ብሎ ከቆመ ጠይቁ። ኮቴው ላይ ያሉ ቀለበቶች ተረከዙ ዘንድ ከተራራቁ ከዚህ በፊት የኮቴ ውስጥ መቆጣት (ብግነት) አሞት ሊሆን ይችላል። ከሥር ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን ለስላሳ ክፍል ጠቁሮ ከሸተተ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ንጽሕና የጎደለው ማደሪያ ነው፤ ይታከማል። ከጸጉሩ ድንበር የሚጀምር ስንጥቅ ግን ከዚህ ይከብዳል።

ቀጥሎ 20 ወይም 30 ሜትር በሶምሶማ ያስኪዱትና ይመልሱት። ገመዱ ላላ ይበል፤ ጥብቅ አድርጎ የያዘ ሰው ማንከሱን ይደብቃል። የታመመ የፊት እግሩ መሬት ሲነካ ራሱን ወደ ላይ ያነሣል። ከኋላ ከሆነ አንደኛው ዳሌ ከሌላው ይበልጥ ከፍ ይላል። በገመድ መመራት ያልለመደውን በአጥር ውስጥ ለቃችሁ በሁለቱም አቅጣጫ ሲዞር እዩት።

[ምስል፦ ፈረሱ ብቻውን በረት ውስጥ]

ስለ ጠባዩ፦ በረቱ ጥግ ዝም ብላችሁ ቁሙ። ደንግጦ ሸሽቶ ከዚያ ዞር ብሎ የሚያያችሁ ፈረስ መልካም ነው። ጆሮውን አጣብቆ ቂጡን የሚያዞርባችሁ ብዙ ሥራ ይጠብቃችኋል። በጣም ዝም ያለው ደግሞ ያጠራጥራል። ታችኛው ከንፈሩ ከተንጠለጠለ፣ አንገቱ ከወረደ፣ እግሮቹን ከፍቶ ከቆመ ማረጋጊያ መድኃኒት ተሰጥቶት ሊሆን ይችላል። በሌላ ቀን ሳትናገሩ ተመለሱ፤ መድኃኒቱ ኋላ እንዲመረመርም የእንስሳት ሐኪም ደም ወስዶ ያስቀምጥ።

ለሐኪሙ የሚተዉ ነገሮች አሉ፦ ዓይን፣ ልብ፣ እምብርት፣ ወንድ ከሆነ ሁለቱም ቆለጦች መውረዳቸው። የሰውነት ሙቀቱ ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ይጠበቃል። አፍንጫው መግል የሚያወርድ፣ መንጋጋው ሥር ያበጠ ፈረስ ካያችሁ ግን ሐኪም አትጠብቁ። አትግዙ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ ልብስ ሳትቀይሩ ወደ ፈረሶቻችሁ አትግቡ።

አፈሳር ያልለመደውን ከወደዳችሁት ከመረከባችሁ በፊት ሻጩ እንዲያለማምደው ተስማሙ፤ በግድ ተጎትቶ መኪና ላይ የሚጫን ፈረስ አንገቱን ወይም እግሩን ሊሰብር ይችላል።