የክፍሉን ስም ትታችሁ የኮርስ ዝርዝሩን አንብቡ፦ ለሳይበር ደህንነት ሥራ የትምህርት ክፍል አመራረጥ

[ምስል፦ የአምስት የትምህርት ክፍሎች ስም በየተራ ይወጣል]

ተራኪ፦ ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ፣ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ፣ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ፣ ሳይበር ደህንነት። ከአምስቱም ተመርቀው በዚህ ሙያ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ቀጣሪም ብዙውን ጊዜ በዲግሪው ስም ላይ አይከርም፤ «ወይም ተዛማጅ የትምህርት መስክ» ብሎ ያልፈዋል። ልዩነቱ የሚወጣው ሥራ ከተጀመረ በኋላ ነው። አንዱ በሁለተኛ ዓመት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የተማረውን ሌላው ከሥራ ሰዓት በኋላ ለብቻው ይታገለዋል።

ምን ዓይነት የደህንነት ሥራ እንደምትፈልጉ ገና ካልለያችሁ ምክራችን አጭር ነው፦ ኮምፒውተር ሳይንስ ግቡ። ከለያችሁ ግን መልሱ እንደ ሥራው ይለያያል።

[ምስል፦ ከሥራ ዓይነት ወደ ትምህርት ክፍል የሚሄዱ መስመሮች]

የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው የሙያ ማዕቀፍ የሳይበር ደህንነትን ሥራ በ52 የሥራ ድርሻዎች ከፍሎት ነበር። ሁሉንም ማወቅ አይጠበቅባችሁም። ሎግ (ሲስተሙ የሚመዘግበውን ክንውን) እና ማንቂያ እየተከታተለ ጥቃት የሚለይ ተንታኝ፣ ወይም ሰርቨርንና የኔትወርክ ትራፊክ የሚያጣራውን ፋየርዎል የሚያስተዳድር ባለሙያ ከኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ በደንብ ይወጣል። በባለቤቱ ፈቃድ ሰርጎ እየገባ ቀዳዳ የሚፈልግ ፔኔትሬሽን ቴስተር መሆን ለሚሻ ኮምፒውተር ሳይንስ ይሻላል። ኮድ መርምሮ ማጠንከር የሚወድ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ቢገባ አይጎዳም። ማልዌር፣ ማለትም ጎጂ ፕሮግራም፣ ፈታትቶ ማጥናት ለማሽኑ ቅርብ የሆነውን የአሴምብሊ ቋንቋ ማንበብን ስለሚጠይቅ ኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ኮምፒውተር ምህንድስና ይፈልጋል። የስጋት ግምገማ፣ የኦዲትና የፖሊሲ ሥራ ለኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ቅርብ ነው፤ እዚያ ጥሩ ሪፖርት መጻፍ ጥሩ ኮድ ከመጻፍ ይበልጣል። አዲስ የምስጠራ ስልት መንደፍ ደግሞ የሒሳብ ሰው ሥራ ነው፤ እሱም በመጀመሪያ ዲግሪ አይቆምም።

[ምስል፦ የአንድ ክፍል የኮርስ ዝርዝር፤ አራት መስመሮች ይደምቃሉ]

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ማመልከቻ ከመሙላታችሁ በፊት የክፍሉን ሙሉ የኮርስ ዝርዝር አግኙና አራት ነገር ፈልጉ፦ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ኔትወርክ፣ በሲ ቋንቋ የሚሰጥ ፕሮግራሚንግ እና ዳታቤዝ። ከአራቱ ሁለቱ የጎደሉበት ክፍል ስሙ የፈለገውን ያህል ቢያምር ይቅርባችሁ።

ሲ ቋንቋ ለምን? እ.ኤ.አ. በ1988 ኢንተርኔትን ያናወጠው የሞሪስ ትል፣ ማለትም ራሱን እያባዛ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚዛመት ፕሮግራም፣ ከተጠቀመባቸው ቀዳዳዎች አንዱን ተመልከቱ። ፊንገር የተባለውን የተጠቃሚዎች መረጃ መጠየቂያ አገልግሎት የሚሰጠው ፕሮግራም ከውጭ የሚመጣውን ጽሑፍ በ512 ባይት ቦታ ላይ ይቀበላል፤ ርዝመቱን ግን አይለካም። ትሉ 536 ባይት ላከለት። የተረፈው በሜሞሪው ላይ ሞልቶ ፈሰሰና ፕሮግራሙ ቀጥሎ የሚሄድበትን አድራሻ ቀየረው። እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነው ኸርትብሊድ የተባለ የምስጠራ ሶፍትዌር ቀዳዳም የዚሁ ዘመድ ነው፦ ርዝመት ባለመፈተሹ ሰርቨሩ በአንድ ጥያቄ እስከ 64 ኪሎባይት የሚደርስ የሜሞሪውን ይዘት አሳልፎ ይሰጥ ነበር። ፓይተን ብቻ የተማረ ተማሪ እንዲህ ያለውን ስህተት በእጁ ሠርቶ አያውቅም፤ ቋንቋው ራሱ ይከላከልለታል። ፓይተን ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቋንቋ ሲሆን ነው ችግሩ።

የኦፕሬቲንግ ሲስተም ኮርስ ውስጥ ስለ ፕሮሰስ፣ ስለ ቨርችዋል ሜሞሪ፣ ስለ ሲስተም ኮልና ስለ ፋይል ፈቃድ የሚያወሩ ምዕራፎች መኖራቸውን አረጋግጡ። ማልዌር ራሱን በሌላ ፕሮሰስ ውስጥ ሲደብቅ የሚታየው ምልክት ትርጉም የሚሰጠው ይህን ለተማረ ሰው ብቻ ነው።

ኔትወርክ ላይ የምትፈትሹት የላብራቶሪ ሰዓቱን ነው። የኔትወርክ ግንኙነትን በደረጃ የሚከፍሉትን ሰባቱን የኦኤስአይ ንብርብሮች በቃል አስጠንቶ ለፈተና የሚያበቃ ኮርስ ብዙ ነው። ተማሪው በኔትወርክ የሚያልፈውን ፓኬት የሚያሳየውን ዋይርሻርክን ከፍቶ ሁለት ኮምፒውተሮች ግንኙነት የሚጀምሩበትን የቲሲፒን የሦስት ደረጃ ሰላምታ በዓይኑ ካላየ፣ የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይረው የዲኤንኤስ ጥያቄ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ ካልተከተለ፣ ያጠናው ስም ነው። ዳታቤዝ ላይ ብዙ አንቆይ፦ የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ የሆነውን ኤስኪውኤል እየጻፋችሁ የምትማሩት ከሆነ፣ የተጠቃሚ ጽሑፍ ከትእዛዝ ጋር ሲቀላቀል ምን እንደሚፈጠር ራሱ ያስተምራችኋል። ዲስክሪት ሒሳብም ከተጨመረ ጥሩ ነው፤ ካልኩለስ ከበደን ብላችሁ ግን ከዚህ ሙያ አትሽሹ።

[ምስል፦ ሁለት የኮርስ ዝርዝሮች ጎን ለጎን]

«ሳይበር ደህንነት» የሚል ስም ያለው ክፍልስ? ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው በኮምፒውተር ሳይንስ መሠረት ላይ የደህንነት ኮርሶችን የደረበ ነው፤ ካገኛችሁት ከሁሉም የተሻለ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው «መግቢያ» እና «መሠረታዊ» የሚሉ ኮርሶችን ከሶፍትዌር መሣሪያ ሥልጠና ጋር ያጠራቀመ ነው። መለያ ዘዴው ቀላል ነው፤ የሃኪንግ ኮርሱ የሚሰጠው ከኔትወርክና ከኦፕሬቲንግ ሲስተም በፊት ከሆነ ሁለተኛው ዓይነት ላይ ናችሁ። የዚህ ክፍል ምሩቅ ፖርቶችን፣ ማለትም የኮምፒውተርን የኔትወርክ በሮች፣ የሚቃኘውን ኤንማፕን ያስኬዳል፣ ውጤቱንም ያሳያል። መሣሪያው «ፖርቱ ተጣርቷል» ብሎ ሲመልስለት ግን ፋየርዎል ፓኬቱን ጥሎት እንደሆነ መገመት ያቅተዋል።

ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂን የሚንቁ አሉ፤ አንስማማም። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ማልዌር ዋናክራይ እ.ኤ.አ. ግንቦት 2017 ዓለምን ሲያናውጥ፣ ለሚጠቀምበት የዊንዶውስ ቀዳዳ ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ካወጣ ሁለት ወር ገደማ አልፎት ነበር። የጎደለው ማስተካከያውን በመቶዎች በሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ላይ ሥራ ሳያቋርጥ የሚጭን ሰው ነበር። ይህን የሚያስተምረው ይኸው ክፍል ነው።

አንድ የተለመደ መሰናክል አለ። የመጨረሻ ዓመት የደህንነት ምርጫ ኮርሶች አስቀድሞ የሚወሰድ ኮርስ፣ ተማሪዎች ፕሪሪኩዚት የሚሉት፣ አላቸው። ኔትወርክ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ከሆነና እሱ ካመለጣችሁ፣ ከኋላው ያሉት ሁሉ በአንድ ዓመት ይገፋሉ። ስለዚህ ከመመረቂያው ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ የትኛው ኮርስ በየትኛው ሴሚስተር እንደሚወድቅ በወረቀት ላይ አስቀምጡ።

[ምስል፦ ሁለት ቨርችዋል ማሽኖች በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ]

ክፍሉ ምንም ይሁን ምን የራሳችሁ መለማመጃ ያስፈልጋችኋል። 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ላፕቶፕ ሁለት ቨርችዋል ማሽን (በኮምፒውተር ውስጥ የሚሠራ ኮምፒውተር) ይሸከማል፤ ዊንዶውስ ሰርቨር መጨመር ከፈለጋችሁ 16 ይሁን። እነሱን የሚያስኬደውን ቨርችዋልቦክስ ጫኑ፤ የደህንነት መፈተሻ ፕሮግራሞችን ለያዘው ካሊ ሊኑክስ 2 ጊጋባይት፣ ሆን ተብሎ ተጋላጭ ለተደረገው ሜታስፕሎይተብል 1 ጊጋባይት ስጡ። ኔትወርኩን ከላፕቶፑ ውጭ በማይወጣው «ሆስት ኦንሊ» ላይ አድርጉት። «ብሪጅድ» ላይ ከተዋችሁት ያ በቀዳዳ የተሞላ ማሽን በዋይፋያችሁ ላይ ላለ ሁሉ ክፍት ሆኖ ይቀመጣል። ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት ስናፕሾት፣ ማለትም የማሽኑን ሁኔታ መመለሻ ቅጂ፣ አንሱ። የራሳችሁ ያልሆነን ሲስተም ያለ ጽሑፍ ፈቃድ መቃኘት ግን ልምምድ ተብሎ አይታለፍም፤ በብዙ አገር ወንጀል ሊሆን ይችላል።

ሰርተፊኬት ላይ አትቸኩሉ። ሴኪዩሪቲ ፕላስ ለተማሪ የሚሆን ነው፦ በ90 ደቂቃ ቢበዛ 90 ጥያቄ፣ ማለፊያው ከ900 ነጥብ 750፤ ኔትወርክን ከጨረሳችሁ በኋላ ውሰዱት። ልምድ ላላቸው የተዘጋጀው ሲአይኤስኤስፒ የአምስት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ተስማሚ ዲግሪ የሚቀንሰው አንዱን ዓመት ብቻ ነው። የፔኔትሬሽን ቴስተሮች ሰርተፊኬት የሆነው ኦኤስሲፒ 23 ሰዓት ከ45 ደቂቃ የሚወስድ የተግባር ፈተና ነው፤ ከዚያ በኋላ ሪፖርት መጻፊያ ሌላ 24 ሰዓት ይሰጣል። ሁለቱንም በተማሪነት ገንዘባችሁ አትሞክሩ።

[ምስል፦ የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ]

ያልመረጣችሁት ክፍል ከደረሳችሁስ? ኤሌክትሪካል ምህንድስና ላይ ያላችሁ የኢንዱስትሪ መቆጣጠሪያ ሲስተሞችን ደህንነት አስቡበት። እ.ኤ.አ. በ1979 የተሠራው፣ የፋብሪካ መቆጣጠሪያ ማሽኖች የሚነጋገሩበት ሞድበስ ፕሮቶኮል ዛሬም በፋብሪካዎች ይሠራል፤ በመነሻ ዲዛይኑ ትእዛዝ የሚልከው ማን እንደሆነ አይጠይቅም። ማሽኖቹን የሚያውቅ የደህንነት ሰው እዚያ ብርቅ ነው። ሕግና አካውንቲንግ ላይ ያላችሁ ወደ መረጃ ጥበቃ ሕግና ወደ ኦዲት መግባት ትችላላችሁ። ለሁላችሁም ከሌላ ክፍል መወሰድ ያለባቸው ኮርሶች ቅደም ተከተል አንድ ነው፦ ፕሮግራሚንግ፣ ከዚያ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ከዚያ ኔትወርክ። ሬጅስትራር ከሌላ ክፍል በሴሚስተር አንድ ኮርስ ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ ሦስት ሴሚስተር ይፈጃል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ማመልከቻ ከሁለተኛ ዓመት መጀመሪያ አታሳልፉት።