ተማሪዎቹ ሲመረቁ ሥራው ማን እጅ ላይ ይቀራል?

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተበተኑ ቱቦዎችና ብሎኖች፣ በእርሳስ የተሞነጫጨረ ንድፍ]

በብዙ የምህንድስና ትምህርት ቤቶች የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ትልቅ የዲዛይን ፕሮጀክት ይሠራል። ችግሩን የሚያወጣው መምህሩ ከሆነ ብዙ አያስቸግርም። ጥያቄው ተጣርቶ ይመጣል፣ ቁጥሮቹ ይሰጣሉ፣ ተማሪው አስልቶና ስሎ ያቀርባል፣ ውጤቱን ይዞ ይሄዳል። ሥራው መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። ችግሩ ከፋብሪካ፣ ከሆስፒታል ወይም ከአካል ጉዳተኞች ማኅበር ሲመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መልሱን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው የለም፤ መምህሩም ቢሆን አያውቀውም።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። ካሊፎርኒያ የሚገኘው ሃርቪ ማድ ኮሌጅ «ክሊኒክ» በሚል ስም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ኩባንያው እየከፈለ የራሱን እውነተኛ ችግር ያመጣል፣ የተማሪዎች ቡድን ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ይሠራበታል። እ.ኤ.አ. በ1995 ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተጀመረው ኤፒክስ የተባለ ፕሮግራም ፊቱን ያዞረው ወደ ማኅበረሰብ ድርጅቶች ነበር። ዛሬ በብዙ አገሮች ተመሳሳይ ፕሮግራሞች አሉ። በሁሉም ላይ የሚነሳው ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ ሴሚስተሩ ያልቃል፣ የአጋሩ፣ ማለትም ችግሩን ያመጣው ድርጅት፣ ችግር አያልቅም፤ ታዲያ ተማሪዎቹ ሲሄዱ የሠሩት ነገር ምን ይሆናል? በዚህ ቪዲዮ የምናየው ይህንን ነው።

[ምስል፦ ባዶ የሕፃናት ኢንኩቤተር]

ከመጀመሪያው ስብሰባ እንነሳ። አጋሩ ብዙውን ጊዜ ይዞ የሚመጣው ችግሩን ሳይሆን በልቡ የጨረሰውን መፍትሔ ነው። «ካሜራ ግጠሙልን»፣ «አፕ ሥሩልን»፣ «ርካሽ ኢንኩቤተር ንደፉልን» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2007 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አንድ የተማሪዎች ቡድን የደረሰው ይኸው የመጨረሻው ጥያቄ ነበር፤ ያለጊዜያቸው ለሚወለዱ ሕፃናት ዋጋው የወረደ ማሞቂያ መንደፍ። ከቡድኑ አንዱ ወደ ኔፓል ሄዶ ሆስፒታል ሲጎበኝ ግን ኢንኩቤተሮቹ ባዷቸውን ቆመዋል። ሕፃናቱ የሚወለዱት ገጠር ነው፤ ሆስፒታል ሳይደርሱ ሙቀታቸው ይወርዳል፣ የሚሞቱትም ቤት ውስጥ ወይም መንገድ ላይ ነው። የማሽኑ ዋጋ በግማሽ ቢወርድ ለእነሱ የሚፈይደው ነገር የለም።

ቡድኑ ጥያቄውን ቀየረው። ኤሌክትሪክ በሌለበት ቤት፣ በእናት እቅፍ ውስጥ የሚሠራ ነገር ፈለጉ። የወጣው ዲዛይን እንደ ትንሽ የመኝታ ከረጢት ያለ ነው። ጀርባው ላይ ሰም መሰል ነገር የያዘ ፓኬት ይገባል። ፓኬቱ አስቀድሞ ይሞቅና ሰሙ ይቀልጣል፤ ከዚያ መልሶ እየረጋ ሲሄድ ያመቀውን ሙቀት ይለቃል፣ በዚህም ለሰዓታት ወደ 37 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቆያል። ኤምብሬስ የሚባለው ይህ ነው። እንደኔ እንደኔ የዚያ ቡድን ትልቁ የምህንድስና ሥራ ሰሙን መምረጡ አይደለም፤ ባዶውን ኢንኩቤተር አይቶ «ጥያቄያችን ተሳስቷል» ማለቱ ነው።

[ምስል፦ የማምረቻ መስመር፣ ጠርሙሶች በሰልፍ ሲያልፉ]

ፋብሪካ ውስጥም ያው ነው። አንድ ድርጅት ጠርሙሶቹ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት እየተጣመመ አስቸገረኝ፣ የተጣመመውን ለይቶ የሚጥል ካሜራ እፈልጋለሁ አለ እንበል። ተማሪዎቹ ወዲያው ስለ ካሜራ ማንበብ ሊጀምሩ ይችላሉ፤ ደስ የሚል ርዕስም ነው። መስመሩ አጠገብ ቆመው ውለው ካዩ ግን ጥመቱ የሚበዛው የጠርሙሱ መጠን በተቀየረ ቁጥር መሆኑን ያስተውሉ ይሆናል። ጠርሙሱን ግራና ቀኝ የሚመራው ሐዲድ በእጅ፣ በግምት ነው የሚስተካከለው። መፍትሔው ለእያንዳንዱ መጠን ቦታውን የሚያሳይ ማቆሚያ ፒን ሊሆን ይችላል። ብረት ሠራተኛ በአንድ ቀን የሚሠራው ዕቃ ነው። ለመመረቂያ ዝግጅት እንደ ካሜራው አያምርም፤ ካሜራው የተበላሸውን ቢጥልም መበላሸቱን አያስቆምም። እዚህ ላይ አማካሪ መምህሩ ከተማሪዎቹ ጎን ካልቆመ፣ ለነጥብ ሲሉ ከባዱን መንገድ ይመርጣሉ።

ችግሩ ከታወቀ በኋላ ምኞት ወደ ቁጥር ይለወጣል። «ለማንሳት የማያስቸግር ይሁን» ለመሐንዲስ ምንም አይነግረውም። «አንድ ሰው ብቻውን ከወለል አንስቶ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጠው፣ ከ12 ኪሎ ያልበለጠ» ቢባል ግን መጨረሻ ላይ ሚዛን ላይ አውጥቶ አልፏል ወይም ወድቋል ማለት ይቻላል። ከዚያ አማራጮች ይደረደራሉ፣ ለእያንዳንዱ መስፈርት እንደ አስፈላጊነቱ ክብደት በሚሰጥ የነጥብ መስጫ ሠንጠረዥም ይወዳደራሉ። ስለዚህ ሠንጠረዥ አንድ ነገር በሹክሹክታ ልንገራችሁ፦ ብዙ ቡድን መጀመሪያ ልቡ የወደደውን ይመርጥና ክብደቶቹን እያስተካከለ እሱ እንዲያሸንፍ ያደርጋል። መድኃኒቱ ክብደቶቹን ተማሪዎቹ ሳይሆኑ አጋሩ እንዲሰጥ ማድረግ ነው፤ ያውም አማራጮቹን ከማየቱ በፊት።

[ምስል፦ ውኃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ የገባ ቱቦ፣ ጫፉ ላይ አረፋ]

አሁን አንዱን ሥራ ቀረብ ብለን እንየው። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ሳንባ ገና ስላልጠነከረ፣ አየር ባወጣ ቁጥር ትንንሾቹ የአየር ከረጢቶች ይጣበቃሉ። በእያንዳንዱ ትንፋሽ እንደ አዲስ መክፈት ያደክመዋል። ሕክምናው ከረጢቶቹ ጨርሰው እንዳይዘጉ በአፍንጫ በኩል የማያቋርጥ ለስላሳ የአየር ግፊት መስጠት ነው። ነገር ግን ግፊቱ ከበዛ ሳንባ ይጎዳል፤ ስለዚህ በትክክል መለካት አለበት። ታዲያ ውድ መቆጣጠሪያ ሳይኖር እንዴት?

ባብል ሲፓፕ የሚባለው ዘዴ የሚጠቀመው ውኃን ነው። አየሩ ከፓምፑ ተነስቶ በሕፃኑ አፍንጫ በኩል ያልፍና በሌላ ቱቦ ይወጣል። የዚያ ቱቦ ጫፍ ውኃ ውስጥ ይገባል። ጫፉ 6 ሴንቲሜትር ከጠለቀ፣ አየሩ ያንን ውኃ ገፍቶ አረፋ ሆኖ ካልወጣ በቀር መውጫ የለውም። ስለዚህ ሕፃኑ ጋ ያለው ግፊት 6 ሴንቲሜትር የውኃ ከፍታ ያህል ይሆናል። ግፊቱን መጨመር ከፈለጉ ቱቦውን ዝቅ ማድረግ ነው። ልኬቱን የያዘው የውኃው ጥልቀት ስለሆነ ፓምፑ ተራ ቢሆንም ችግር የለም። አረፋውም ራሱ ምልክት ነው፤ ከቆመ የሆነ ቦታ አየር እየሾለከ ወይም ተቋርጦ ሊሆን ይችላል።

የቴክሳሱ ራይስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ የሠሩት የዚህ መሣሪያ የመጀመሪያ ሥሪት ሞተሩ የዓሣ ገንዳ ፓምፕ ነበር። ያንን ሳጥን ይዞ ሕፃን አጠገብ ማቆም ግን አይቻልም። ሥራው ማላዊ ውስጥ ብላንታየር ከተማ ካለው የንግሥት ኤልሳቤጥ ማዕከላዊ ሆስፒታል ሐኪሞች ጋር እየተመካከሩ ተሻሻለ፣ በፋብሪካ እንዲመረት ደግሞ በአንድ የዲዛይን ኩባንያ እንደገና ተነደፈ። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው ጥናት ከባድ የመተንፈስ ችግር ካለባቸው ጨቅላዎች መካከል በመሣሪያው የታከሙት 71 በመቶ ተርፈዋል፤ ኦክስጅን ብቻ ያገኙት ግን 44 በመቶ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ሕፃናቱም በዕጣ የተመደቡ አልነበሩም፤ ይህንን ሳይናገሩ ቁጥሩን ብቻ ማውራት ልክ አይደለም። ቢሆንም ልብ በሉ፦ ከተማሪዎቹ ሳጥን እስከዚያ ጥናት ድረስ ዓመታት አልፈዋል፣ መሐንዲሶቹ ብዙ ቀደም ብለው ተመርቀዋል። ሥራው ያልሞተው የሚረከብ ሰው ስለነበረ ነው።

[ምስል፦ መመሪያ ወረቀት ይዞ መሣሪያ የሚፈታ ሰው]

ርክክቡን የፐርዱው ኤፒክስ የፈታው ቡድኑን ከሴሚስተሩ በማላቀቅ ነው። ከአንደኛ ዓመት እስከ ተመራቂ ያሉ ተማሪዎች በአንድ ቡድን ይሠራሉ። ሲኒየሮቹ ሲሄዱ ጁኒየሮቹ ይቀጥላሉ፣ ከአጋሩ ጋር ያለው ግንኙነትም ለዓመታት ይዘልቃል። ሁሉም ትምህርት ቤት ግን ይህንን ማድረግ አይችልም። ካልተቻለ ርክክቡ ራሱ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የዲዛይኑ አካል መሆን አለበት። ብሎኑ አጋሩ ጋ ባለው ቁልፍ የሚፈታ ይሁን። ዕቃ በሚያትም ስሪዲ (3D) ፕሪንተር የወጣ የማርሽ ጥርስ ቢሰበር አጋሩ ፕሪንተር አለው ወይ? ከሌለው ጥርሱ ገበያ ላይ በሚገኝ ይተካ። ኮዱን የጻፈው ልጅ ስልኩን ቢቀይርስ?

አንድ ጥሩ ፈተና አለ። መመሪያውን ወደፊት መሣሪያውን ለሚይዘው ሠራተኛ ስጡት፣ ይፍታውና ይግጠመው፤ ተማሪዎቹ ግን እጃቸውን አጣጥፈው፣ አፋቸውን ዘግተው ይቁሙ። ሠራተኛው ያመነታበት ቦታ ሁሉ ይመዝገብ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የመመሪያው ሳይሆን የዲዛይኑ ሆኖ ይገኛል። ለምሳሌ በሁለቱም በኩል የሚገባ ክዳን ካለ፣ «በዚህ በኩል አስገባ» ብሎ ከመጻፍ በአንድ በኩል ብቻ እንዲገባ አድርጎ መሥራት ይሻላል። ችግሩ ይህ ፈተና የሚታሰበው በመጨረሻው ሳምንት፣ ምንም ማስተካከል በማይቻልበት ሰዓት ነው። ቢያንስ አንድ ወር ሲቀር ይደረግ።

ኩባንያ አጋር ሲሆን የባለቤትነትና የምስጢር ጉዳይም ይመጣል። የተሠራው ነገር የማን ነው? ተማሪው ለሥራ ሲያመለክት ሊያሳየው ይችላል? መልሱ እንደየዩኒቨርሲቲው ይለያያል፤ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ይለቅ፣ በቃ።

አጋር ለመሆን የምታስቡ ድርጅቶች ካላችሁ ደግሞ፦ በዚህ ሳምንት ማሽን ያቆመባችሁን ችግር ለተማሪ አትስጡ፤ ያ የጥገና ክፍሉ ሥራ ነው። ለዓመታት ሲያስቸግራችሁ ኖሮ ጊዜ ያጣችሁለትን አምጡ። በየሳምንቱ ጊዜ የሚሰጣቸው፣ ሲጠየቅም የመወሰን ሥልጣን ያለው አንድ ሰው መድቡ። የሌሊት ፈረቃ ካላችሁ ተማሪዎቹ ሌሊትም መጥተው ይዩ፣ ቀን የማይታይ ብዙ ነገር አለና። ተማሪዎቹ ከአንድ ወር በኋላ ተመልሰው «ችግራችሁ እናንተ ያላችሁት አይደለም» ቢሏችሁ ሥራው እንዴት እንደሚቀጥልም አስቀድማችሁ ስምምነቱ ላይ አስፍሩት።