ኔትወርኩን ተውት
(በደብረ ማርቆስ ለኮምፒውተር ትምህርት ተመራቂዎች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራንና የዛሬ ተመራቂዎች፤ እንኳን ደስ አላችሁ!

ሁላችንም «ኔትወርክ የለም» እየተባልን ነው ያደግነው። ቀበሌ ስንሄድ ኔትወርክ የለም፤ ባንክ ስንሄድ ሲስተም የለም። እውነት የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። እኔ የመጣሁት ግን ውሸት ስለሚሆንበት ጊዜ ልናገር ነው።

ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ከጮቄ ሥር ያለን ጤና ጣቢያ ከሆስፒታል ጋር በቪዲዮ የሚያገናኝ ሥራ አስመረቀ። ሪባን ተቆረጠ። የነርሷ ምስል ጥርት ብሎ ወጣ፤ አዳራሹ አጨበጨበ። ሐኪሙ «እንደምን አደርሽ እህቴ?» አላት። ሰማችው፤ ራሷን ነቀነቀች። ስትመልስ ግን ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ የለም። መድረክ መሪው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ኔትወርኩ ነው፤ ይቅርታ!» ደግሞ ተጨበጨበ፤ ወደ ሻይ ቡና ተሄደ።

እኔ ሻዩን ትቼ ጌትዌዩ ጋ፣ የሁለቱን ወገን ድምፅና ምስል ተቀብሎ የሚያስተላልፈው መሣሪያ ጋ ማለት ነው፣ ተቀመጥኩ። ድምፁ የሚላከው ጂ.711 በሚባለው የስልክ ድምፅ ኮድ ነው፤ በየ20 ሚሊሰከንዱ አንድ ፓኬት (አንድ የድምፅ ቁራጭ)፣ በሰከንድ 50 ማለት ነው። ከነርሷ በኩል 50ውም ሳይጎድል ይገባል። ወደ ሐኪሙ የሚወጣው ዜሮ! ያ የምንሰድበው ኔትወርክ እንግዳዋን ደጃፍ ድረስ አድርሷት ነበር፤ በር የከፈተላት ጠፋ እንጂ።

በብዙ ጌትዌዮች እያንዳንዱ ኤንድፖይንት፣ ማለትም አንዱን ተነጋጋሪ የሚወክለው ጫፍ፣ ለድምፅም ለምስልም የየራሱ መላኪያና መቀበያ አለው። የአንዱን መላኪያ ከሌላው መቀበያ ስታገናኙ የተከፈተው አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ መልሱ ሌላ ትእዛዝ ይፈልጋል። ሁለት ሰው፣ ድምፅና ምስል፣ በድምሩ አራት መንገድ። ያን ቀን ሦስቱ ተገናኝተዋል። አራተኛውን የሚያገናኝ መስመር ኮዱ ውስጥ አልነበረም።

ደግሞ የቀረው የማን ድምፅ ነው? የሐኪሙ ቢሆን ኖሮ ወደ ሻይ ቡና ይኬድ ነበር? ትኩሳቱን የለካችው እሷ፣ ምጡ መቼ እንደጀመረ የምታውቀው እሷ! እሷ ካልተሰማች ታማሚው ያው በቃሬዛ ነው የሚወርደው። ምስል ስለታየ «ሥራው አልቋል» ብሎ የሚፈርም ባለሙያ ከናንተ መሃል እንዳይወጣ!

ሌላም ነበረኝ፤ ሰዓቴ አለቀ። በድሮው የ3ጂ የቪዲዮ ጥሪ ድምፅና ምስል በሰከንድ 64 ኪሎቢት በሚይዝ አንድ መስመር ተቀላቅለው ነበር የሚመጡት፤ እንዲህ ያለ ከገጠማችሁ የምስሉ ቻናል ተከፍቷል የሚለው መልስ ሳይመጣ አታገናኙ። ካገናኛችሁ በኋላ ሙሉ ፍሬም፣ ማለትም በራሱ የተሟላ አንድ ምስል፣ ጠይቁ፤ አለዚያ የተበላሸ ምስል ታያላችሁ። ጥሪው ሲያልቅ አራቱንም ፍቱ።

ከምሳ በኋላ ላብራቶሪ አለሁ። የምትመጡ ኮዳችሁን ያዙ፤ ማይክ ያለው ማዳመጫም አትርሱ። አመሰግናለሁ።